ጦቢያ ላይ ያለችው ቀይና ጥቁር ትኋን ማን ናት? አይናቹራሊስት በዕፅዋት ትኋን ሲፈተን

ቆላ አገር መንገድ ዳር የሚበቅለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ጦቢያ ላይ ቀይና ጥቁር ነፍሳት ተከማችተው ማየት የተለመደ ነው። ስማቸውን የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ጢንዚዛ ነው» ወይም በደፈናው «ተባይ ነው» የሚል ነው። አይናቹራሊስት የተባለው የስልክ መተግበሪያ ግን ፎቶው ደህና ከሆነ ወዲያው ስፒሎስቴተስ ፓንዱረስ የሚል ስም ያቀርባል፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። ይኸው መተግበሪያ ቲማቲም ላይ የተገኘች 4 ሚሊ ሜትር የምታህል አረንጓዴ ትኋን ሲሰጡት ደግሞ እዚህ አገር ኖራ የማታውቅ የአውሮፓ ዝርያን ስም ሊያስቀድም ይችላል። ሁለቱም መልሶች ተመሳሳይ መስለው ሊቀርቡ ስለሚችሉ ልዩነቱን ማወቅ ያለበት ተጠቃሚው ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። የዱር ነፍሳትን በፎቶ ለመለየት ዛሬ ለማንም ሰው ክፍት ከሆኑት አገልግሎቶች ውስጥ አይናቹራሊስትን የሚያህል የለም። ነፃ ነው፤ ማስታወቂያ የለበትም፤ የሚሰጠው ስምም በሌሎች ሰዎች ይመረመራል። ነገር ግን ዋናው ዋጋው ያለው በማሽኑ፣ ማለትም ፎቶ አይቶ ስም በሚጠቁመው ፕሮግራም፣ ግምት ላይ አይደለም። ከማሽኑ ጀርባ ባሉት ሰዎችና እናንተ በምታነሡት ፎቶ ጥራት ላይ ነው። ማሽኑን ብቻ አምኖ የሚሄድ ሰው በዕፅዋት ትኋኖች ላይ ደጋግሞ ይሳሳታል።

አገልግሎቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የማስተርስ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ሆኖ ነው። በ2014 የካሊፎርኒያ ሳይንስ አካዳሚ አካል ሆነ፤ ፎቶ አይቶ ስም የሚጠቁመው ክፍል በ2017 ተጨመረ፤ ከ2023 ጀምሮ ራሱን የቻለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው።

ፎቶ ከማንሣት በፊት ያያችሁት ነገር በእርግጥ ትኋን መሆኑን ለዩ። ትኋን ሲባል ሁላችንም የምናስባት አልጋ ውስጥ የምትደበቀዋን ነው፤ የዕፅዋት ትኋኖች የእሷ ዘመዶች ሲሆኑ ደም ትተው የተክል ፈሳሽ ይመጥጣሉ። አፋቸው እንደ መርፌ ያለ ቀጭን መምጠጫ ነው፤ በማይሠራበት ጊዜ ከጭንቅላት ሥር ወደ ኋላ ታጥፎ ደረት ላይ ይተኛል። የፊት ክንፋቸው ከሥሩ ቆዳ የመሰለ ወፍራም፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ስስ ነው። ሁለቱ ክንፎች ጀርባ ላይ ሲደራረቡ የመስቀለኛ ምልክት ይታያል፤ ከዚያ ከፍ ብሎ በትከሻ መካከል ባለሦስት ማዕዘን ጋሻ አለ። የጢንዚዛ ክንፎች ግን ጀርባ ላይ በቀጥታ መስመር ይገጥማሉ እንጂ አይደራረቡም፤ አፉም የሚያኝክ ነው። ስለዚህ ጢንዚዛ ቅጠሉን ይበሳዋል፤ ትኋን ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀዳዳ ሳትተው ነጠብጣብ፣ መጠማዘዝና የፍሬ መበላሸት ታስከትላለች።

አሁን ወደ ፎቶው። ከላይ የተነሣ አንድ ፎቶ ለቀይና ጥቁሯ ትኋን ይበቃ ይሆናል፤ ለሌሎቹ አይበቃም። ቢያንስ አራት ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ምዝገባ እስከ 20 ፎቶ ስለሚቀበል አትቆጥቡ።

የመጀመሪያው በቀጥታ ከጀርባዋ በላይ ሆኖ የሚነሣው ነው። ስልኩ ከጀርባዋ ጋር ትይዩ መሆን አለበት፤ ካዘነበለ ጭንቅላቷ ሲጠራ ጭራዋ ይደበዝዛል። ሁለቱም አንቴናዎች እስከ ጫፋቸው ፎቶው ውስጥ ይግቡ። ይህን የምንለው የአንቴና ክፍሎች ስለሚቆጠሩ ነው፦ አምስት ክፍል ያላት ጋሻ መሰል ጀርባ ያላቸው የሸታች ትኋኖች ወገን ናት፤ አራት ክፍል ያላት ከሌሎቹ ቤተሰቦች ናት። አንቴናዋ የተቆረጠ ወይም ከፎቶው የወጣ ትኋን ግማሽ መታወቂያዋ ጠፍቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ከጎን ነው፤ የእግሮቿን ውፍረትና የትከሻዋን ቅርጽ ያሳያል። ሦስተኛው ከሆዷ በኩል የሚነሣው ነው፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ባለሙያ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው። መጠጫ ብርጭቆ ውስጥ አስገቧትና በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ስትወጣ ከውጭ በኩል አንሡ። መምጠጫዋ ቀጭን፣ ረጅምና ደረቷ ላይ የተለጠፈ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የተክል ፈሳሽ መጣጭ ናት። አጭር፣ ወፍራምና እንደ ማጭድ የታጠፈ ከሆነ ሌሎች ነፍሳትን የምትበላ አዳኝ ናት፤ እሷን መግደል ራስን መጉዳት ነው። አዳኟን በባዶ እጅ አትያዙ፤ ስትወጋ በጣም ያማል። ሸታቿ ደግሞ የምትረጨው ፈሳሽ ዓይን ያቃጥላል።

አራተኛው የተክሉ ፎቶ ነው፤ ቅጠሉ፣ አበባው፣ ካለም ፍሬው። ጥቂት የማይባሉ ትኋኖች የሚኖሩት በተወሰነ የተክል ቤተሰብ ላይ ስለሆነ ተክሉን ያወቀ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። መጠንም አትርሱ፦ ከብርጭቆው ወጥታ ባለካሬ ደብተር ላይ ወይም ማስመሪያ አጠገብ ስትቆም አንድ ፎቶ ጨምሩ። 6 ሚሊ ሜትርና 14 ሚሊ ሜትር ስልክ ላይ አንድ መስለው ነው የሚታዩት።

ስልኩን በጣም ማስጠጋት የተለመደ ስህተት ነው። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ራቁና በሁለት እጥፍ አቅርቡ፤ ትኋኗ ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙና ትኩረቱን ቆልፉ። ርካሽ ስልኮች ላይ «ማክሮ» ተብሎ የሚሸጠው ሌንስ ብዙ ጊዜ 2 ሜጋፒክሰል ብቻ ነው፤ በዋናው ካሜራ አንሥቶ መቁረጥ የተሻለ ዝርዝር ይሰጣል። ፍላሽ ቅርፊቷን ያንጸባርቀውና ነጠብጣቦቹን ያጠፋል። ግድ ከሆነ አንድ ሉህ ሶፍት ፍላሹ ላይ ጣል አድርጉ፤ ካልሆነ ብሩህ ጥላ ውስጥ አንሡ። ትኋን ሰው ሲቀርባት ዞራ ከግንዱ ጀርባ ትደበቃለች፤ በዚያ በኩል እጃችሁን ብታደርጉ ተመልሳ ወደ ካሜራው ትመጣለች። ንጋት ላይ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ብርዱ ስላልለቀቃት ቀርፋፋ ናት። ቀን ላይ ከተያዘች ከነብርጭቆዋ 5 ወይም 10 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ይበቃል፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይደለም።

ከመጫናችሁ በፊት ፎቶውን ቁረጡ። አይናቹራሊስት የሚጫንለትን ፎቶ ረጅሙ ጎኑ ከ2048 ፒክሰል እንዳይበልጥ አድርጎ ያሳንሰዋል። ትኋኗ የፎቶውን ርዝመት አንድ አሥረኛ ብቻ ከያዘች ከተቀነሰ በኋላ የሚቀራት 200 ፒክሰል አካባቢ ነው፤ የአንቴናዋን ክፍሎች የሚቆጥር ሰው የለም። አስቀድማችሁ ከቆረጣችሁ ግን ካሜራው የያዘላት ፒክሰል ሁሉ፣ እስከ 2048 ድረስ፣ ሳይቀነስ ይቀራታል። ማሽኑም ቢሆን ሰፊ ቅጠልና ትንሽ ነፍሳት ሲያይ የተክሉን ስም ሊሰጣችሁ ይችላል።

እዚህ ላይ እኛ አገር በተለይ የሚበላሹ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ቴሌግራም ነው። ጓደኛ ገጠር ሆኖ ያነሣውን ፎቶ እንደ ተራ ፎቶ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ሲልክ የተነሣበት ቀንና ቦታ ከፎቶው ይወገዳል፤ እናንተ ስትጭኑት ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ቀኑም የተቀበላችሁበት ቀን ሊሆን ይችላል። «ፋይል» አድርጎ እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ ያኔ ሁለቱም ሳይጠፉ ይደርሳሉ። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ቀኑን በእጅ የሚያስገባ ሰው መስከረም 20 ቀን 2017ን 20/1/2017 ብሎ ከጻፈ ሲስተሙ እ.ኤ.አ. ጥር 2017 ላይ ይመዘግበዋል፤ ትክክለኛው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ነው። የዝናብ ወቅት ትኋን በበጋ ታየች ማለት ነው፤ ለዓመታትም ማንም ሳያስተውለው ይቀመጣል። ሰዓትም እንዲሁ፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እዚያ 8 ሰዓት ነው።

ቦታው ቤታችሁ ከሆነና እንዲታወቅ ካልፈለጋችሁ «የተደበቀ» የሚለውን ምረጡ፤ ነጥቡ በየጎኑ 0.2 ዲግሪ፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ሳጥን ውስጥ በዘፈቀደ ይቀመጣል። ሙሉ በሙሉ መደበቅ ግን ምዝገባውን ዋጋ ያሳጣዋል።

አንድ ምዝገባ ለአንድ ፍጡር ነው። ሁለት የተለያዩ ትኋኖችን አንድ ላይ ከጫናችሁ መላሾቹ የትኛዋን እንደምትጠይቁ አያውቁም። ጓሮ ጎመናችሁ ላይ ያገኛችኋት ትኋን «የተተከለ ወይም የሚረባ» የሚለው ላይ ምልክት ሊደረግባት አይገባም፤ የተተከለው ጎመኑ ነው፣ እሷ በራሷ መጥታ ነው። ይህ ምልክት በስህተት ሲደረግ ምዝገባው ከብዙ መርማሪዎች ዓይን ይወጣል።

ማሽኑ ስም ሲያቀርብ ከላይ አንድ ጥቅል ምክር (ለምሳሌ አንድ ወገን፣ ማለትም የቅርብ ዘመዳም ዝርያዎች ስብስብ፣ ወይም ከዚያ የሚሰፋ ቤተሰብ)፣ ከሥሩ ደግሞ የዝርያዎች ዝርዝር ይመጣል። የሰው ዓይን ወደ ዝርዝሩ የመጀመሪያ ስም ይሮጣል። ለዕፅዋት ትኋን የምንመክረው የላይኛውን ጥቅል ምክር መውሰድ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ማሽኑ የሚያውቀው በቂ ፎቶ የተጫነላቸውን ዝርያዎች ብቻ ነው፤ ለአንድ ዝርያ 100 ያህል ፎቶ ያስፈልጋል። ጥቂት ፎቶ ብቻ ያላት የኢትዮጵያ ትኋን ለማሽኑ የለችም። ስለዚህ ሲያያት «አላውቃትም» በማለት ፋንታ በቅርቡ የምትመስላትን የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ ዘመዷን ይጠራል። «በአካባቢው የሚጠበቅ» የሚለው ማጣሪያ ይረዳል፤ ሆኖም እሱም የተገነባው ከተመዘገቡ ምልከታዎች ስለሆነ ጥቂት ምዝገባ ባለበት አገር ዓይኑ ደካማ ነው።

በወገን ስንከፍለው ውጤቱ በጣም ይለያያል።

ቀይና ጥቁሮቹ ላይ ማሽኑ ጎበዝ ነው። ስፒሎስቴተስ ፓንዱረስ ከ11 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፤ ስሱ የክንፍ ጫፏ ጥቁር ሆኖ መካከሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለው። አፍሪካም፣ የሜዲትራኒያን አገሮችም፣ እስራኤልም ስላለችና ፎቶዋ ብዙ ስለሆነ ግምቱ ይታመናል። የምትምታታው ከጥጥ ትኋን፣ ከዲስደርከስ ጋር ነው። መለያው ራስ ላይ ነው፦ ስፒሎስቴተስ ከትልልቆቹ ዓይኖች በተጨማሪ አናቷ ላይ ሁለት ጥቃቅን ነጠብጣብ የመሰሉ ዓይኖች አሏት፤ ዲስደርከስ የላትም። ዲስደርከስ ከጭንቅላቷ በስተኋላ ነጭ አንገትጌ፣ ሆዷ ላይ ደግሞ ነጭ አግድም መስመሮች አሏት። ተክሉም ይናገራል፦ ጦቢያና ወተት ያላቸው ዘመዶቹ ላይ ከሆነች የመጀመሪያዋን፣ ጥጥና ባሚያ ላይ ከሆነች ሁለተኛዋን ጠርጥሩ።

አረንጓዴዋ ሸታች፣ ኔዛራ ቪሪዱላ፣ ስታድግ በቀላሉ ትለያለች፤ በጋሻዋ የፊት ጠርዝ ላይ ሦስት ነጫጭ ነጥቦች ተደርድረዋል። ችግሩ ግልገሎቿ ናቸው። ክንፍ እስኪያወጡ አምስት ጊዜ ቆዳ ይቀይራሉ፣ በየጊዜውም መልካቸው ይለወጣል፤ በመካከለኛው ዕድሜ ጥቁር ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ወደ መጨረሻው አረንጓዴ ላይ ቢጫና ቀላ ያለ ነጥብ ይሆናሉ። ማሽኑ እዚህ ሌላ ነፍሳት ብሎ ሊጠራቸው ይችላል። ግልገል ካገኛችሁ አጠገቧ ያሉትን የበርሜል ቅርጽ ያላቸው እንቁላሎችና ትልልቆቹን ፈልጋችሁ አንሡ።

ቡና ላይ የምትገኘው አንቴስቲዮፕሲስ ልዩ ትኩረት ይገባታል። ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ናት፤ ጥቁር ቡናማ መደብ ላይ ብርቱካናማና ነጭ ቅርጾች አሏት፤ እንቁላሏን 12 አካባቢ እያደረገች በአንድ ላይ ትጥላለች። የቡናውን እምቡጥና ፍሬ ትወጋለች፤ በቁስሉ ሻጋታ ሲገባ የቡናው ፍሬ ውስጡ ይጠቁራል። በኢትዮጵያ የምትታወቀው አንቴስቲዮፕሲስ ኢንትሪካታ ስትሆን የወገኗ ዝርያዎች በጣም ስለሚመሳሰሉ በፎቶ ብቻ ዝርያ ላይ መድረስ ያስቸግራል። ለቡና ገበሬው ግን የወገን ስሙ ይበቃል፤ መተግበሪያው እዚያ ድረስ ካደረሰው ሥራውን ሠርቷል።

በጣም የሚከብደው የሚሪዴ ቤተሰብ ነው፤ በጠባቡ ትርጉም «የዕፅዋት ትኋን» የሚባሉት እነሱ ናቸው። ከ11,000 በላይ ዝርያ ተመዝግቧል። ብዙዎቹ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ ለስላሳና አረንጓዴ ወይም ቡናማ ናቸው። ቤተሰቡን መለየት ቀላል ነው፦ ወፍራሙ ክንፍ ከስሱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ተሰብሮ ወደ ታች የታጠፈ የሚመስል ባለሦስት ማዕዘን ቁራጭ አለ፤ አናቷ ላይ ያሉት ጥቃቅን ዓይኖችም የሉም ማለት ይቻላል። ከዚያ በታች ግን ብዙውን ጊዜ የወንዱን የመራቢያ አካል በማጉያ መሣሪያ ማየት ያስፈልጋል፤ የትኛውም የስልክ ፎቶ ይህን አይተካም። ለእነዚህ ማሽኑ የዝርያ ስም ሲሰጣችሁ «ሚሪዴ» ብላችሁ ብቻ መዝግቡ። ይህ ሐቀኛ መልስ ነው፤ ወደ ጥፋት ከሚመራ ትክክል ያልሆነ ስም ይበልጣል። ጥፋት ያልነው በከንቱ አይደለም፦ ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ እንደ ኔዚዲዮኮሪስ ያሉት ነጭ ዝንብና የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪውን የቱታ አብሶሉታን እንቁላል ይበላሉ፤ የሚበሉት ሲያጡ ደግሞ ቲማቲሙን ራሱን ይወጋሉ።

ከሌሎቹ ጋር ስናወዳድረው፣ ሲክ የተባለው የዚሁ አገልግሎት ታናሽ መተግበሪያ መለያ ሳይከፍቱና ኢንተርኔት በሌለበት ይሠራል፤ ካሜራውን ብቻ መደቀን ነው። እርግጠኛ ካልሆነ ቤተሰብ ላይ ይቆማል፤ ይህ ለሕፃናትና ለመስክ ጉዞ መልካም ነው። ግን ከጀርባው የሚመረምር ሰው ስለሌለ ከተሳሳተ ተሳሳተ ነው። ጉግል ሌንስ በኢንተርኔት ላይ ተመሳሳይ ምስል ስለሚፈልግ ተክሎችና በጣም የታወቁ ነፍሳት ላይ ይሞክራል፤ ለትንንሽ ትኋኖች ግን አንመክረውም፤ ያገኘው ምስል ላይ የተጻፈው ስም ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል።

በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ማሽኑን ከእኛ የበለጠ ማመን ይችላሉ፤ እዚያ ፎቶ ሞልቷል። በቨርጂኒያና ሜሪላንድ በመጸው ወራት ቤት ውስጥ የምትገባዋ ቡናማ ሸታች ሀሊዮሞርፋ ሀሊስ ናት፤ አንቴናዋ ላይ ያሉትን ነጫጭ ቀለበቶችና ሆዷ ጠርዝ ላይ የሚፈራረቀውን ጥቁርና ነጭ ተመልከቱ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጎመን የሚተክሉ ደግሞ ባግራዳ ሂላሪስን ሊያገኙ ይችላሉ፤ ከአሮጌው ዓለም ሄዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ሎስ አንጀለስ አካባቢ የታየች ናት። ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ስለሆነች 10 ሚሊ ሜትር ያህል ከምትሆነው ከአሜሪካኗ የጎመን ትኋን በመጠን ትለያለች። ማስመሪያው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የሰው ምርመራው እንዲህ ይሠራል። ቀን፣ ቦታና ፎቶ ያለው ምዝገባ ላይ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ተስማምተው፣ ከመርማሪዎቹም ከሁለት ሦስተኛ በላይ አንድ ዝርያ ላይ ሲቆሙ «የምርምር ደረጃ» ያገኛል፤ ፈቃዱ ክፍት ከሆነም ዋና ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን ወደሆነው የዓለም ብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት ያልፋል። ስለዚህ አንድ ባዕድ ሰው ስም ሲጽፍላችሁ ለምስጋና ብላችሁ «እስማማለሁ» የሚለውን አትጫኑ። ሁለተኛው ድምፅ የእናንተ ይሆንና አንድ ሰው ብቻ የገመተው ስም የተረጋገጠ መስሎ ይቀመጣል። በማስታወሻው ቦታ «በምን ለያችኋት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ በደስታ ያስረዳሉ። ስም ያልተሰጠው ምዝገባ ማንም ሳያየው ይቆያል፤ ምንም ባታውቁ እንኳ «ሄሚፕቴራ» (ትኋኖች ያሉበት ትልቁ የነፍሳት ክፍል) ብላችሁ ጀምሩ፤ የትኋን ባለሙያዎች በዚህ ስም ነው የሚያጣሩት። መልሱ በደቂቃ ሊመጣ ይችላል፤ ለትንንሾቹ ሚሪዴዎች ወራት ሊወስድ ይችላል። የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት ይህ ነው፤ በአፍሪካ ትኋኖች ላይ የሚመልሱት ጥቂት ናቸው።

ለመርጨት ውሳኔ ግን መተግበሪያው አልተሠራም። ስለ መጠን፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ጉዳት ደረጃ ምንም አይልም። ማሳችሁ ላይ ጉዳት ካለ ከ5 እስከ 10 ትኋኖችን በናሙና ይዛችሁ ወደ ቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሂዱ፤ የቡና ከሆነ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ናሙናውን ከፋርማሲ በሚገኝ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ አድርጉት፤ የካቲካላ ጥንካሬ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ አያስተማምንም። አልኮል አረንጓዴውን ቀለም ስለሚያጠፋው ፎቶው መቅደም አለበት። ጠርሙሱ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ክተቱ፤ እስክሪብቶ ይሟሟል። ወረቀቱ ላይ ቀኑ፣ ቦታው፣ ተክሉና የአይናቹራሊስት ምዝገባው ቁጥር ይኑር።